በዘመነ ዮሐንስ የጎደለው ቀን

ኅዳር 6 ቀን 2012 ዓ.ም. ቅዳሜ ረፋድ ላይ የብሩክታዊት ስልክ ጠራ። የደወሉላት በአርብ ገበያ ከተማ የገበሬዎች ማኅበር ሊቀ መንበር የሆኑት ወይዘሮ አሰለፈች ነበሩ።

«ልጄ፣ መኪናችሁ አሁን ገባ» አሏት።

«እሰይ! ድንቹ በደህና ደረሰ?»

«ድንቹስ ደርሷል፤ የሌለው ሰው ነው። ትናንት መቶ ሰማንያ ሰው አህያውን ይዞ ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ ላይ ተገትሮ ዋለ። የአምስት ሰዓት መንገድ በእግሩ የመጣም አለበት። ገበያው ተበተነ፣ እነሱም ባዶ ጆንያቸውን ጠቅልለው ሄዱ። ዛሬ ማን ይቀበለው? ይመለስ ወይስ ይራገፍ?»

ብሩክታዊት ዓይኗ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ሄደ። ቅዳሜ። የላከችው የጭነት ትእዛዝ ኅዳር 6 ይላል። አርብ የሆነው ግን ኅዳር 5 ነው።

«ያራግፉት እማማ» አለች በቀጭን ድምፅ። «ጥፋቱን እኔ አጣራለሁ።»

ብሩክታዊት ቀለመ ወርቅ በመካነ ኢየሱስ ከተማ በሚገኝ አንድ የገበሬዎች ዩኒየን ውስጥ የመኪና ስምሪት ሠራተኛ ናት። ዩኒየኑ ለእስቴ፣ ለስማዳና ለጋይንት ገበሬዎች ምርጥ ዘር ያደርሳል። መስኖ በሚጀመርበት ወቅት የድንችና የሽንኩርት ዘር የሚያከፋፍለው ገበሬው በሚሰበሰብበት በየቦታው የገበያ ቀን ነው። የዘንድሮው ስርጭት የተጀመረውም በዚሁ የአርብ ገበያ ጭነት ነበር። የትኛው መኪና በየትኛው ቀን የት እንደሚሄድ የሚያወጣው ግን ሰው አይደለም። በቢሮው ጥግ፣ የመስታወት በር ባለው ክፍል ውስጥ፣ የአልጋ ራስጌ ኮመዲኖ የሚያህል ጥቁር ኮምፒውተር ቆሟል። ጠረጴዛ ላይ እንደምናያቸው ዓይነት አይደለም፤ የአንድን ድርጅት ሠራተኛ በሙሉ በአንድ ጊዜ እንዲያገለግል ተብሎ የተሠራ ነው። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ መብራት ሲጠፋ በጄኔሬተር፣ ሲመጣ በመብራት ይሠራል። ስክሪኑ ላይ ሥዕል የለም፣ ጥቁር መደብ ላይ አረንጓዴ ፊደል ብቻ ነው። ሠራተኞቹ «ጥቁሩ» ይሉታል። ብሩክታዊት የገበያውን ስም፣ ገበያው የሚውልበትን ዕለትና የጭነቱን መጠን ትሞላለታለች፤ እሱ ቀኑን ቆጥሮ ትእዛዙን ያትማል። ወረቀቱ ላይ ቀኑ እንጂ ዕለቱ አይወጣም። መጋዘኑም፣ ሾፌሩም ወረቀቱን አምነው ይሄዳሉ። እሷም ስትፈርም ማሽኑን ተማምና ነበር፣ ከቀን መቁጠሪያው ጋር ሳታመሳክር። ይኼ ይቆጫት ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ አቶ አጥናፉ ቢሮአቸው አስጠሯት።

«አርብን ቅዳሜ ብለሽ ሞልተሻል» አሏት፣ ቁጭ በይ እንኳ ሳይሏት።

«አልሞላሁም። የሞላሁትን አትሜ አምጥቻለሁ፤ ይኸው፣ አርብ ይላል።»

ወረቀቱን አገላብጠው አዩትና መለሱላት። «ማሽን አይሳሳትም፣ የሚሳሳት ሰው ነው። አሁን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጥሻል። ከተደገመ ግን እንደ ማርቆስ መጋዘን ሚዛን ላይ ትመደቢያለሽ።»

ማርቆስ ማለት ከእርሷ በፊት በስምሪት ወንበር ላይ የነበረ ሰው ነው። አሁን መጋዘን ውስጥ ጆንያ ይመዝናል። ሃምሳ ዓመት የሞላው፣ ዝምተኛ፣ ሸሚዙን ሁልጊዜ እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነው። ብሩክታዊት ከቢሮው እንደወጣች በቀጥታ ወደ እሱ ሄደች።

«ጋሼ ማርቆስ፣ እርስዎን ከስምሪት ያስነሣዎት ምን ነበር?»

ማርቆስ የያዘውን ጆንያ ሚዛኑ ላይ አሳርፎ እጁን አራገፈ። «አንድ ቀን» አለ።

«እንዴት አንድ ቀን?»

«በ2008 ዓመቱን ሙሉ መኪናው አንድ አንድ ቀን እየዘገየ ይደርስ ነበር። አርብ ያልሁት ቅዳሜ፣ ማክሰኞ ያልሁት ረቡዕ። እኔ የምሞላው ትክክል ነበር፣ ግን ማን ይሰማኛል? ነሐሴ ላይ አነሡኝ። መስከረም ሲጠባ ሁሉም ነገር በራሱ ተስተካከለ።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ተስተካከለ ሲባል፣ እኔ ስለተነሣሁ ነው ተባለ። አራተኛ ዓመቱን ይዟል። ሚስቴ እንኳ አንዳንድ ጊዜ እስቲ እውነቱን ንገረኝ ትለኛለች።»

ብሩክታዊት ወደ ወንበሯ ስትመለስ ፍርሃቷ ወደ ንዴት ተለውጦ ነበር። የሚቀጥለውን የአርብ ገበያ ትእዛዝ ከፈተች፤ ኅዳር 20 ይላል። እሱም ቅዳሜ ነው። በእጇ 19 ብላ ልታርመው ሞከረች። ጥቁሩ መኪናው በዚያ ቀን ለወገዳ ገበያ ተይዟል ብሎ መለሰባት። ወገዳን ስትነካ ሌላው ተፋለሰ። አንዱን ቀን በእጅ መጎተት ሁሉንም ማዛባት ሆነባት። መታረም ያለበት ወረቀቱ ሳይሆን ቆጣሪው ራሱ ነው።

ማክሰኞ ፕሮግራሙን ወደተከለው አዲስ አበባ ወዳለው ድርጅት ደወለች። ያነጋገራት ባለሙያ ቴዎድሮስ ይባላል።

«እህቴ፣ ይህ ፕሮግራም ስድስት ዓመት ሠርቷል» አላት በደከመ ድምፅ። «የጻፈው ልጅ ከእኛ ከወጣ ቆይቷል። የምትሞይውን ነገር ደጋግመሽ እዪ።»

«አይቻለሁ አቶ ቴዎድሮስ። አሁን ማየት የምፈልገው ውስጡን ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ ነው የተማርሁት፣ ኮድ ማንበብ እችላለሁ።»

«ዲበገር ታውቂያለሽ?»

«በትምህርት ቤት ሠርቼበታለሁ። በእንዲህ ዓይነት ማሽን ላይ ግን አይደለም።»

«የሚሠራውን እንዳትነኪ። ቅጂ አውጥተሽ ለብቻው አስቀምጪና በቅጂው ላይ ሞክሪ። ጻፊ፣ ትእዛዞቹን ልንገርሽ።»

ጻፈች። ዲበገር ማለት ፕሮግራሙ እየሮጠ ሳለ በፈለጉት መስመር ላይ ቀጥ አድርጎ የሚያቆም መሣሪያ ነው። ፕሮግራሙ ቆሞ ሳለ በዚያች ሰዓት የያዘውን ቁጥር ይጠይቁታል፤ ይነግራል። ከዚያ አንድ ቁልፍ ሲጫኑ አንድ መስመር ብቻ ይራመድና እንደገና ይቆማል።

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ከስክሪኑ ፊት አልተነሣችም። ፕሮግራሙ ቀን የሚቆጥረው ከመስከረም 1 ቀን 2001 ዓ.ም. ጀምሮ መሆኑን ደረሰችበት። በየዓመቱ 365 ይደምራል፣ አንዳንዱ ዓመት ላይ ደግሞ አንድ ይጨምራል። የመጣውን ድምር በሰባት አካፍሎ ዕለቱን ያውቃል። ቆጠራው 2012 ላይ ሲደርስ አቆመችውና ድምሩን ጠየቀችው። አራት ሺህ አሥራ ሰባት አለ። ወረቀት አውጥታ ስታሰላው ከዚህ ድምር የሚወጣው መስከረም 1 ረቡዕ ነበር። ያሳለፍነው እንቁጣጣሽ ግን ሐሙስ እንደዋለ ማንም ያውቃል። አንዲት ቀን ጎድላለች። ከአሥራ አንዱ ዓመት በየትኛው ላይ እንደጠፋች ግን አልታወቀም። ከ2001 ጀምራ መስመር በመስመር ሁለት ጊዜ ተራመደች። ሁለቱንም ጊዜ ሁሉም ነገር ትክክል መሰላት።

ሐሙስ ከቀትር በፊት አባቷ መጡ። መሪጌታ ቀለመ ወርቅ በስማዳ ገጠር አቋቋምና የዘመን ቆጠራውን ባሕረ ሐሳብ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። ለማግሥቱ ለኅዳር ሚካኤል ማኅሌት ተጠርተው ነበርና የቤቷን ቁልፍ ሊቀበሉ ወደ ቢሮዋ ጎራ አሉ። ዓይኗ ቀልቶ አገኟት።

«ታመሻል?»

«አይ አባቴ። አንዲት ቀን ጠፍታኝ እየፈለግሁ ነው።»

«ቀን?» አሉና መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እኔስ ቀን ስፈልግ አይደል የኖርሁት? እስቲ አሳዪኝ።»

ነገሩን ከመጀመሪያው ነገረቻቸው። መነጽራቸውን አጥልቀው ወደ አረንጓዴው ጽሑፍ ጠጋ አሉ።

«አሁን ቁሟል?»

«ቁሟል። እኔ ሂድ እስክለው አይንቀሳቀስም።»

«በልቡ የያዘውንም ሲጠይቁት ይናገራል?»

«ይናገራል።»

«ከብዙዎቹ ተማሪዎቼ ይሻላል» አሉ መሪጌታ፣ ፍጹም ከልባቸው። «በይ፣ አስኪጂው።»

ቁልፉን ተጫነች። «2001። በአራት ሲካፈል አንድ ይተርፋል። 365 ደመረ፣ ወደሚቀጥለው ሄደ።»

«ማቴዎስ» አሉ አባቷ፣ የዓመቱን ወንጌላዊ ስም እየጠሩ።

«2002። ሁለት ይተርፋል። 365።»

«ማርቆስ።»

«2003። ሦስት ይተርፋል። 365 ደመረ፣ ወደ...»

«ቁሚ!» መሪጌታ እጃቸውን አነሡ። «ሦስት ከተረፈ ሉቃስ ነው። ጳጉሜንስ? ስድስተኛዋን ቀን ሳይደምር ነው የሚያልፈው?»

«የምትጨመረዋ ቀን ያለ ቀሪ በሚካፈለው ዓመት ላይ ናት አባቴ። ይኸው፣ 2004 ላይ ይጨምራል። የሠግር ዓመት በአራት ሲካፈል...»

አፏ ላይ ቀረ። ትምህርት ቤት ውስጥ ኮድ ስትማር፣ በአራት ያለ ቀሪ የሚካፈል ዓመት አንድ ቀን ይጨመርበታል ብላ ሸምድዳ ነበር። ያ ግን የፈረንጆች ዘመን አቆጣጠር ነው። ፕሮግራሙን የጻፈውም ሰው ያንኑ ሸምድዶ፣ ያንኑ በእኛ ዘመን ላይ አሳርፎት ኖሯል። እሷም ሁለት ጊዜ በላዩ ላይ ስትራመድ ያልታያት ለዚህ ነው።

«ያለ ቀሪ የሚካፈለው ዮሐንስ ነው» አሉ አባቷ ቀስ ብለው፣ ቀለም እንደሚያስቀጽሉ። «የዮሐንስ ጳጉሜን አምስት ናት። ስድስት የምትሆነው በሉቃስ ነው። ይኸ ሰውዬ የሉቃስን ቀን ወስዶ ለዮሐንስ ሰጥቷታል። ዮሐንስ ሲገባ አንድ ቀን ይጎድላል፤ በዮሐንስ መጨረሻ ያለቦታዋ ይመልሳትና ማቴዎስ ሲገባ ነገሩ ሁሉ ደህና ይሆናል። የአሁኑ ዓመት ማን ነው?»

«ዮሐንስ» አለች ብሩክታዊት። ከወንበሯ ተነሣች። «2008ም ዮሐንስ ነበር! መስከረም 2009 ሲጠባ በራሱ የተስተካከለው ለዚህ ነው! ጋሼ ማርቆስ...»

ፕሮግራሙን ወደ 2003 መለሰችው፤ እዚያው ላይ አቆመችው። አንዷን ቀን በእጇ ጨመረችለት፣ በ2007ና በ2011ም እንዲሁ፤ ያለቦታቸው የገቡትን የ2004ንና የ2008ን ቀነሰች። ከዚያ ለቀቀችው። ድምሩ አራት ሺህ አሥራ ስምንት ሆነ። የአርብ ገበያው ትእዛዝ ስክሪኑ ላይ ወጣ፤ ኅዳር 19። አርብ።

መሪጌታ በጣታቸው እየቆጠሩ ለራሳቸው አጉተመተሙ። «ዓመተ ዓለም ሰባት ሺህ አምስት መቶ አሥራ ሁለት። ሩቡ ሲጨመርበት ዘጠኝ ሺህ ሦስት መቶ ዘጠና። በሰባት ሲገደፍ ሦስት ይተርፋል። ከማክሰኞ ተቆጥሮ ሦስት ሐሙስ ነው።» ቀና አሉ። «መስከረም አንድ ሐሙስ። ማሽንሽ አሁን ልክ ነው።»

ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔ ይህን ትምህርት ለወንዶቹ ሳስተምር አንቺ በር ላይ ተቀምጠሽ ታደምጪ ነበር። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁሽም ነበር» አሉ። መቋሚያቸውንና ቁልፉን ይዘው ሲወጡ ለዘበኛው «እዚያ ያለችው ልጄ ናት» ሲሉ በመስኮቱ ሰማቻቸው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቴዎድሮስ ደወለች። መስመሩን ከነቁጥሩ ነገረችው። በስልኩ ውስጥ የቁልፍ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። እሱም የራሱን ቅጂ ከፍቶ እየተራመደ ነበር።

«ወይ ጉድ!» አለ በመጨረሻ። «ይኸው ፕሮግራም በሌሎች አራት ቦታዎችም ይሠራል። ሁሉም ጋ መደወል አለብኝ። የሚታረመው እኮ አንድ ቁጥር ነው፣ የቀሪውን ዜሮ በሦስት መተካት! ማን አሳየሽ?»

«ዲበገሩን እርስዎ። ሉቃስን አባቴ።»

ሳቀ፤ ድካሙ ከድምፁ ላይ ጠፍቶ ነበር። «አንቺ አርሚው። ሥራ አስኪያጅሽ ይፍቀድና አንቺው ራስሽ አርሚው። እኔ በጽሑፍ አረጋግጣለሁ።»

ሰኞ ኅዳር 15 አቶ አጥናፉን ጥቁሩ ወዳለበት ክፍል ጋበዘቻቸው። የዩኒየኑ ቦርድ ጸሐፊም አብረው ነበሩ። ማርቆስንም ጠርታው ነበር፤ በሩ አጠገብ ቆሟል።

«ንግግር አላበዛም» አለች ብሩክታዊት። «አቶ አጥናፉ፣ እዚህ ይቀመጡና ይህን ቁልፍ ይጫኑልኝ። አንድ ጊዜ ሲጫኑት አንድ መስመር ይሄዳል።»

«እኔ?»

«እርስዎ። እኔ እጄን አላሳርፍም።»

ተቀመጡ። ተጫኑ። ስክሪኑ ላይ የተሰመረው ብርሃን አንድ መስመር ወረደ። 2001 አለፈ። 2002 አለፈ። 2003 ላይ ሲደርሱ «ይቁሙ» አለቻቸው። «በዚህ ዓመት ጳጉሜን ስንት ነበረች?»

ሥራ አስኪያጁ አሰቡ። «ስድስት። ልጄ ክርስትና የተነሣችው በጳጉሜን ስድስት ነው።»

«አሁን ይጫኑትና ስንት ቀን እንደሚደምር ይዩ።»

ተጫኑት። ብርሃኑ አንድ ቀን የምትጨመርበትን መስመር ዘሎ አለፈ። አቶ አጥናፉ የዘለለውን መስመር በጣታቸው ነኩት፣ ስክሪኑ ይመልስላቸው ይመስል።

«ልጄ የተነሣችበትን ቀን የለም አለ» አሉ።

«አዎ። የተሳሳተው ሰው መሆኑስ እውነት ነው፤ ግን ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ነው። ትእዛዙን የሞላነው አይደለንም። 2008ንም ላሳይዎት?»

አሳየቻቸው። የ2008 የገበያ ቀኖች ሁሉ አንድ አንድ ቀን ዘግይተው ወጡ። 2009 ሲገባ ሁሉም ልክ ሆነ። በሩ አጠገብ ማርቆስ የላይኛውን የሸሚዝ ቁልፉን ፈታ። ፊቱን ወደ ኮሪደሩ አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ብሩክታዊት አየች፤ ግን እንዳላየች ሆነች።

አቶ አጥናፉ ከወንበሩ ተነሡ። ኩሩ ሰው ናቸው፤ ቃሉ እንደከበዳቸው ያስታውቅ ነበር። «ማሽን አይሳሳትም ብዬሽ ነበር» አሉ። «ማስጠንቀቂያሽን ዛሬ እቀድዳለሁ። አርሚው።»

በዚያው ቀን ዜሮውን በሦስት ለወጠችው። ኅዳር 18 ሐሙስ ከሾፌሩ ከፊልጶስ ጎን ተቀምጣ ተነሣች፤ ማንም ሂጂ አላላትም፣ ፈቃድ ጠይቃ ነው። ንፋስ መውጫ አደሩ። አርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መኪናው አርብ ገበያ ሲገባ ሜዳው በአህያና በሰው ተሞልቶ ነበር። ወይዘሮ አሰለፈች ብሩክታዊት ከመኪናው ስትወርድ ሲያዩ ወገባቸውን ይዘው ቆሙ።

«አንቺ ነሽ የስልኳ ልጅ? ትንሽ ነሽ እንዴ!» ከዚያ ወደ ሰልፉ ዞረው ጮክ ብለው «የጠፋችውን ቀን ፈልጋ ያገኘችው ይህች ናት!» አሉ። እንዴት እንደሰሙ ብሩክታዊት አላወቀችም። አንድ ሽማግሌ የዘሩን ጆንያ በአህያቸው ላይ እያሰሩ «እግዜር ይስጥሽ፣ ከእንግዲህ አንመላለስም» አሏት። ፊልጶስ ሳቀባት፤ ጉንጯ ቀልቶ ነበር። እሷ ግን ቀና ብላ ቆማ የመጨረሻው ጆንያ እስኪወርድ የእያንዳንዱን ገበሬ ስም ጠራች።

በሚቀጥለው ሳምንት አቶ አጥናፉ ሠራተኛውን ሁሉ መጋዘኑ በር ላይ ሰበሰቡ። የያዙት ደብዳቤ፣ ማርቆስ በ2008 ዓ.ም. የተነሣው ያለ ጥፋቱ መሆኑን፣ ጥፋቱ የፕሮግራሙ መሆኑን፣ ይህንንም ያረጋገጠችው የስምሪት ሠራተኛዋ ብሩክታዊት ቀለመ ወርቅ መሆኗን ይገልጻል። ከሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ጀምሮም ማርቆስ በስምሪት ክፍል አብሯት ይሠራል። አንብበው ሲጨርሱ ተጨበጨበ።

ማርቆስ ደብዳቤውን ተቀብሎ ከላይ እስከ ታች በዝግታ አነበበው። ከዚያ ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጎ ማኅተሙን መረመረ።

«አቶ አጥናፉ» አለ፣ «ማኅተሙ ደህና አድርጎ አልወጣም። ቤት ይዤው ነው የምገባው። እባክዎ አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ።»

ሥራ አስኪያጁ ማኅተሙን ከቢሮአቸው አስመጡ፤ ደብዳቤውን በሚዛኑ ላይ አንጥፈው፣ በሁለት እጃቸው ተጭነው መቱበት።